በተንደርበርድ የአማርኛ የግርጌ ፊርማ ስለማውጣት፦ አንድ ጥያቄና የተከተሉት ምላሾች

የመክፈቻ ጽሑፍ

በጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች በመዝገብ ቤት፣ በጽሕፈትና በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በምንወያይበት መድረክ ይህን ጥያቄ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። የምሠራው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ ከየወረዳው ጋር የምንጻጻፈው ጉዳይ ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ኢሜይል እየዞረ መጥቷል። የጠየቅሁት ኮምፒውተር ላይ በሚጫን የኢሜይል ፕሮግራም፣ በተለይም በተንደርበርድ፣ በእያንዳንዱ መልእክት ግርጌ የሚወጣ የአማርኛ ፊርማ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ከጥያቄው ጋር አቋሜንም አስቀምጫለሁ፤ የግርጌ ፊርማ ተራ ጽሑፍ ብቻ ሊሆን ይገባል፣ ክብ ማኅተምም ሆነ በእጅ የተፈረመ ፊርማ ስካን ተደርጎ ሊገባበት አይገባም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን በመሆኑ ክርክር እንደሚነሣ ዐውቅ ነበር፤ ተነሣም። የሚጠቅመው ነገር በየመካከሉ ስለተበታተነ ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ አቀርባለሁ፤ አስተያየት ባለኝ ቦታ ላይም እጨምራለሁ።

1ኛ ምላሽ

ከባሕር ዳር የጻፈ የኮምፒውተር ባለሙያ ሰላምታውን አስቀድሞ አሠራሩን በቅደም ተከተል አስረድቷል። ሦስቱን አግድም መስመሮች ተጭኖ አካውንት ሴቲንግስ የሚለውን መክፈት፣ በግራ በኩል ከተደረደሩት የኢሜይል አድራሻዎች የሚፈለገውን መምረጥ፣ ከዚያም ሲግኔቸር ቴክስት በሚለው ሳጥን ውስጥ ጽሑፉን ማስገባት ነው። ከሳጥኑ አጠገብ ዩዝ ኤችቲኤምኤል (ጽሑፍን ከቀለም፣ ከቅርጽና ከሥዕል ጋር የሚያወጣ ዘዴ) የሚል ምልክት ማድረጊያ እንዳለና ተራ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው ሳይነካው እንዲያልፍ አሳስቧል። ከሳጥኑ ዝቅ ብሎ ደግሞ ፊርማው ከፋይል እንዲመጣ የሚያዝ ሌላ ምርጫ አለ። እሱ ከተመረጠ ፕሮግራሙ የሚያነበው ፋይሉን እንጂ ሳጥኑን ስላልሆነ፣ ሳጥን ውስጥ ጽፎ ለምን አልወጣም ብሎ የሚደነግር ሰው መጀመሪያ ይህን እንዲያይ መክሯል። ጥያቄዬ በዚህ ብቻ ሊዘጋ ይችል ነበር።

2ኛ ምላሽ

ከፍኖተ ሰላም አንዲት ጸሐፊ፣ የተባለውን ሁሉ እንዳደረገችና ፊርማዋን ከፋይል እንዲመጣ እንዳዘዘች፣ ነገር ግን በአማርኛ የጻፈችው ስምና የሥራ መደብ ተቀባዩ ዘንድ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ እንደደረሰ ገልጻለች። ስልክ ቁጥሩ ብቻ ደህና ወጥቷል። ችግሩ የፕሮግራሙ ይሁን የተቀባዩ ኮምፒውተር ግራ እንደገባትም አክላለች።

3ኛ ምላሽ

ይህኛው ከሁሉም የጠቀመኝ ምላሽ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እናገረዋለሁ። የዳንግላ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ የጻፈው ነው። ቁጥሩ ደህና ወጥቶ ፊደሉ ብቻ የጥያቄ ምልክት መሆኑ ራሱ በሽታውን ይናገራል ብሎ ይጀምራል። ጽሑፉ የተበላሸው በጉዞ ላይ ሳይሆን ገና ፋይሉ ሲቀመጥ ነው። በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ኖትፓድ አዲስ ፋይልን የሚያስቀምጠው አንሲ በሚባለው አሠራር ነው፤ ያ አሠራር ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ኖትፓድ ይህን ሳይናገር አያልፍም፤ አማርኛ የተጻፈበት ፋይል በአንሲ ሊቀመጥ ሲል በፋይሉ ያሉት የዩኒኮድ (የብዙ ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድነት የያዘ የኮምፒውተር ሥርዓት) ፊደላት እንደሚጠፉ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መስኮት ብቅ ይላል። አብዛኞቻችን ሳናነብ ኦኬ እንላለን፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ ፊደሉ የለም፣ በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ተጽፏል፣ ፋይሉን መልሶ በመክፈትም አይገኝም።

መፍትሔው ሴቭ አዝ ብሎ፣ በመስኮቱ ግርጌ ኢንኮዲንግ ከሚለው ዝርዝር ዩቲኤፍ-8 የሚለውን፣ ማለትም የዩኒኮድ ፊደላትን የሚያስቀምጠውን አሠራር፣ መምረጥ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ኖትፓድ አዲስ ፋይልን በዩቲኤፍ-8 ስለሚያስቀምጥ፣ ችግሩ በአብዛኛው የሚታየው ዊንዶውስ 7 ባልተቀየረባቸው ቢሮዎች መሆኑንም አክሏል። እኔ እንደማውቀው በየወረዳው እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የፋይል ጉዳይ የሚያስጨንቀው ሰው በ1ኛው ምላሽ እንደተባለው ጽሑፉን በቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ቢያስገባ ከዚህ ሁሉ ይድናል።

4ኛ ምላሽ

ከቢቸና የጻፉ አንድ አንጋፋ መምህር በ3ኛው ምላሽ ላይ የቀረ ነገር አለ ብለው በአክብሮት አርመዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው የሚያሳዩ ነበሩ። በነዚያ የተጻፈ ስም በራስ ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆኖ ይታያል፤ ያ የፊደል ቅርጽ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 መቀመጡም አያድነውም። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት የሚያይ ሰው የፋይሉን አቀማመጥ፣ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል የሚያይ ሰው ደግሞ የተጻፈበትን መሣሪያ ይመርምር ብለዋል። ከድሮ ደብዳቤ ላይ ስሙን ገልብጦ ከመለጠፍ ይልቅ ኪማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ወይም በዊንዶውሱ የአማርኛ ገበታ እንደ አዲስ መጻፍ የተሻለ መሆኑንም መክረዋል። ሁለቱን ምልክቶች እንዲህ ለይቶ ማሳየታቸው የብዙ ሰው ድካም ይቀንሳል።

5ኛ እና 6ኛ ምላሽ

2ኛውን የጻፈችው እኅት ፋይሏን አስተካክላ እንደተሳካላት አመስግናለች። 6ኛው፣ ከእንጅባራ፣ በፊርማው አናት ላይ ሳይጽፈው የሚወጣው ሁለት ዳሽ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚጠፋ ጠይቋል። ጥፋት መስሎት ነበር።

7ኛ ምላሽ

የዳንግላው ባለሙያ ተመልሶ ዳሾቹ እንዳይጠፉ ለምኗል። ያ መስመር ሁለት ዳሽና አንድ ባዶ ቦታ ያለበት ነው፤ ባዶ ቦታው በዓይን ባይታይም የግድ ነው። ከሱ በታች ያለው ሁሉ ፊርማ እንደሆነ ለተቀባዩ ፕሮግራም የሚያመለክት የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው አርኤፍሲ 3676 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት አሠራር ሰነዶች መጠሪያ ነው) ላይም ተጠቅሷል። ልማዱን የሚያውቅ ፕሮግራም ፊርማውን ደብዘዝ አድርጎ ያሳያል፤ መልስ ሲጻፍም ከሚጠቀሰው ጽሑፍ ውስጥ ያስወጣዋል። በአሥር ምልልስ ውስጥ አንድ ስም አሥር ጊዜ እየተደጋገመ ገጹን እንዳይሞላ የሚያደርገው ይህ ነው። ተንደርበርድ መስመሩን ራሱ ስለሚጨምረው በእጅ መጻፍ አያስፈልግም።

8ኛ ምላሽ

ክርክሩ እዚህ ላይ ጀመረ። ከቡሬ የጻፉ አንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የመክፈቻ ጽሑፌ የቢሮን እውነታ የማያውቅ ሰው ጽሑፍ ነው ብለው ነው የገቡበት። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት ማንም አይቀበልም፤ ኢሜይልም ከዚህ ሊለይ አይችልም። ከግርጌው ክብ ማኅተምና ቲተር ያለበትን መልእክት የወረዳው ሰው በአክብሮት ያነባል፣ ስምና ስልክ ብቻ ያለበትን ግን እንደ ግል መልእክት ቆጥሮ ያቆየዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታቸውን ማኅተም ስካን አስደርገው ኤችቲኤምኤል በሚለው መንገድ በሁሉም ሠራተኞች የግርጌ ፊርማ ላይ እንዳስገቡ ገልጸዋል።

ያሉት ችግር እውነት መሆኑን አልክድም። የወረቀት ደብዳቤያችን ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ማኅተምና ግልባጭ ያለው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን የያዘ ሥርዓት ነው፤ ኢሜይሉ ከዚህ ሁሉ ራቁቱን ሲመጣ ተቀባዩ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

9ኛ ምላሽ

የባሕር ዳሩ ባለሙያ በ1ኛው ምላሽ ያሳየውን ትሕትና እዚህ ትቶታል። የመሥሪያ ቤት ማኅተም በካዝና ተቆልፎበት፣ ኃላፊነት በፈረመ ሰው እጅ ብቻ የሚቀመጥ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሥዕሉን በየቀኑ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ማደል የኃላፊነት ጉድለት ነው ብሎ በጠንካራ ቃል ጽፏል። መልእክቱ የደረሰው ማንኛውም ሰው የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ምስሉን ለብቻው ማስቀመጥ እንደሚችል፣ ከዚያም በፈለገው ወረቀት ላይ እንደሚለጥፈው አስረድቷል። የአነጋገሩ ሻካራነት አልተወደደም፤ ሁለት ሰዎች ታላቅን ሰው እንዲህ መናገር አይገባም ብለው ገሥጸውታል። በነገሩ ላይ ግን የተቃወመው የለም።

10ኛ ምላሽ

ከሞጣ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በመካከል ገብታ የደረሰባቸውን ተርካለች። አንድ ባለጉዳይ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ማኅተሙም ሰማያዊና ጥርት ያለ ነው። እሷን ያጠራጠራት የማኅተሙ አቀማመጥ ነበር፤ ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ ከታች በቀኝ በኩል ቀለም ያልነካው ቀጭን ክፍተት አለው። ከዚያው መሥሪያ ቤት የመጡ ኢሜይሎችን ከፍታ ብታይ በእያንዳንዱ ግርጌ ያለው ማኅተም በዚያው መጠን የዘመመ፣ ያው ክፍተት ያለበት ሆኖ አገኘችው። በእጅ የሚመታ ማኅተም ሁለት ጊዜ እንኳ በአንድ ዓይነት አያርፍም። ደውለው ሲጠይቁ በደብዳቤው ላይ ያለው ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ የወጪ መዝገብ ላይ አልተመዘገበም። ደብዳቤው ተመለሰ፤ መሥሪያ ቤቱም ማኅተሙን ከኢሜይሉ አወጣ።

እኔ ሐተታ ከማብዛት ይልቅ ለአለቆቼ ያነበብሁላቸው ይህንኑ ምላሽ ነው።

11ኛ ምላሽ

ሕግ ያጠና አንድ የደብረ ማርቆስ ሰው፣ በክርክሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መቀላቀላቸውን አመልክቷል። ሀገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አላት። በመጀመሪያው አዋጅ የታሰበው ዲጂታል ፊርማ በምስጢር ቁልፍና በምስክር ወረቀት የሚሠራ፣ መልእክቱ ከተፈረመ በኋላ ቢነካ የሚያስታውቅ ነው፤ ከኢሜይል ግርጌ የሚወጣ ስምም ሆነ የማኅተም ሥዕል ያን ሥራ አይሠራም። ማረጋገጫ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት መንገዱ ይህ መሆኑን፣ ተንደርበርድም ከ78ኛው እትም ጀምሮ ኦፕንፒጂፒ የተባለውን የመፈረሚያና የመቆለፊያ ዘዴ በውስጡ እንደያዘ ጠቅሷል። ይህኛው ግን ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

12ኛ ምላሽ

የቡሬው ኃላፊ ተመልሰዋል። በ9ኛው ምላሽ አነጋገር ማዘናቸውን ሳይሸሽጉ፣ የሞጣዋን ታሪክ ካነበቡ በኋላ ማኅተሙን ከፊርማው እንደሚያስወጡ ተናግረዋል። ሆኖም የወረዳው ሰው ለሚያነሣው ጥርጣሬ ምን መልስ እንሰጣለን የሚለው ጥያቄያቸው እንዳለ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የሞጣዋ ሠራተኛ እዚያው ላይ የመለሰችላቸው እንዲህ ነው፤ ሥርዓቱን የጠበቀው ደብዳቤ ቁጥሩና ቀኑ ተሞልቶ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶ በአባሪነት ይላካል፣ የወጪ ቁጥሩም ኢሜይሉ ውስጥ ይጠቀሳል፤ ተቀባዩ ከተጠራጠረ በግርጌው ባለው የቢሮ ስልክ ደውሎ ቁጥሩን ያመሳክራል። በዚህ አሠራር ደብዳቤው የሚሄደው ለጉዳዩ ባለቤት ብቻ ነው፤ ማኅተሙ በየሰላምታው ግርጌ አይዞርም።

13ኛ ምላሽ

የዳንግላው ባለሙያ ስለ ክብደቱ ስሌት ጨምሯል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ አራት መስመር ሆኖ በየመስመሩ ሠላሳ ፊደል ቢኖር ፊርማው 360 ባይት ያህል ነው። ስካን የተደረገ ማኅተም 300 ኪሎባይት ቢሆን፣ ምስል በኢሜይል ሲላክ ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ስለሚሄድ አንድ ሦስተኛ ያህል ጨምሮ 400 ኪሎባይት ይጠጋል። አንድ ጉዳይ አሥር ጊዜ ቢመላለስ በትንሹ 4 ሜጋባይት ለማኅተም ሥዕል ብቻ ይወጣል ማለት ነው፤ በስልክ ዳታ ኢሜይሉን የሚከፍት የገጠር ቀበሌ ሠራተኛ የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

14ኛ እና 15ኛ ምላሽ

ከደጀን የጻፈ አንድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዳታ ዋጋና ወደ መብራት መቆራረጥ ሄዷል፤ ሌላው ተከትሎታል። የመድረኩ አስተባባሪ ጉዳዩ እውነት ቢሆንም ቦታው እዚህ አይደለም ብሎ መልሷቸዋል።

16ኛ ምላሽ

ከባሕር ዳር አንዲት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ምን ምን ይጻፍ የሚለውን ማንም እንዳላነሣ አስታውሳለች። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ፣ አርኤፍሲ 1855፣ የግርጌ ፊርማ ከአራት መስመር እንዳይበልጥ ይመክራል። የእሷ አደራደር በመጀመሪያው መስመር ስምና የአባት ስም፣ በሁለተኛው የሥራ መደብ፣ በሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱ ስምና ከተማ፣ በአራተኛው ስልክ ነው። ስልኩ ከውጭ ሀገር ለሚደውልም እንዲሠራ ከ058 ይልቅ +251 58 ብሎ መጀመር እንደሚሻል፣ በሞባይልም እንዲሁ መነሻዋ ዜሮ እንደምትወጣ አስረድታለች። የኢሜይል አድራሻን እዚያ መድገም አያስፈልግም፤ መልእክቱ ራሱ ይዞታል። ፊርማው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የፊደሉን ቅርጽና መጠን የሚወስነው የተቀባዩ ኮምፒውተር ነው፤ ስለዚህ መስመሮችን በባዶ ቦታ እየገፉ ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

17ኛ ምላሽ

የቢቸናው መምህር በ16ኛው ላይ ሁለት ነገር ጨምረዋል። አንደኛ፣ ሰው በራሱ ስም ላይ አቶ ወይም ወይዘሮ ብሎ አይፈርምም፤ ማዕረግ ለሌላው የሚሰጥ አክብሮት ነው። ሁለተኛ፣ ከሰላምታ ጋር የሚለው መዝጊያ በግርጌ ፊርማው ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሰላምታ ጸሐፊው ለተቀባዩ እያሰበ የሚጽፈው እንጂ ማሽን በየመልእክቱ የሚለጥፈው አይደለምና፣ ከዳሾቹ በላይ በእጅ ይጻፍ። ከፍኖተ ሰላም የጻፈችው እኅት ስሟ ለሴትም ለወንድም የሚሆን በመሆኑ ያለማዕረግ ስትፈርም አቶ ተብላ መልስ እንደሚደርሳት አንሥታ ተከራክራለች። መምህሩ እርስዎ የሚለው አጠራር ለሁለቱም እንደሚሆን መልሰዋል፤ እሷ ግን በቅንፍ ወይዘሮ ብላ መጻፉን እንደምትቀጥል በጨዋነት ነግራቸዋለች። ለእኔ የእሷ ምክንያት አሳማኝ ነው።

18ኛ ምላሽ

የእንጅባራው ጠያቂ፣ ለመጣ መልእክት መልስ ሲጽፍ ፊርማው ከረዥሙ የተጠቀሰ ጽሑፍ ሥር ወርዶ ማንም እንደማያየው ጽፏል። የባሕር ዳሩ ባለሙያ፣ በረጋ አነጋገር፣ በዚያው አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ኮምፖዚሽን ኤንድ አድሬሲንግ የሚል ክፍል እንዳለ አሳይቷል። መልሱ ከጥቅሱ በላይ ይጀምር ወይስ በታች፣ ፊርማውስ ከመልሱ ቀጥሎ ይውጣ ወይስ ከጥቅሱ ሥር የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። መልስ ሲጻፍና ሲተላለፍ ፊርማ ይኑር ወይም አይኑር የሚሉ ሁለት ምልክት ማድረጊያዎችም አሉ። መልሱን ከላይ የሚጽፍ ሰው ፊርማውን ከመልሱ ቀጥሎ ቢያደርግ ይሻለዋል። ነገር ግን ዳሹን በእጁ ከጻፈበት ከሥሩ ያለው ጥቅስ ሁሉ እንደ ፊርማ ተቆጥሮ በሚቀጥለው መልስ ሊቀር ስለሚችል እንዳይጽፈው አስጠንቅቋል።

19ኛ ምላሽ

ቢሮው አውትሉክ የተባለውን የማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም የሚጠቀም አንድ የአዴት ሰው ለሱ የሚሆን እንዳለ ጠይቆ የዳንግላው ባለሙያ ባጭሩ መልሶለታል። በነባሩ አውትሉክ አዲስ መልእክት ከፍቶ ሲግኔቸር፣ ከዚያ ሲግኔቸርስ የሚለውን መጫን ነው። ለአዲስ መልእክትና ለመልስ የተለያየ ፊርማ መምረጥ ይቻላል። አውትሉክ አንዱን ፊርማ በሦስት ዓይነት ፋይል፣ ማለትም በኤችቲኤም፣ በአርቲኤፍና በቲኤክስቲ ያስቀምጣል፤ መልእክቱ ተራ ጽሑፍ ሲሆን የሚወጣው ሦስተኛው ነው። ሁለቱ ዳሾች እዚህ በራሳቸው አይመጡም፤ የሚፈልጋቸው ሰው ባዶ ቦታዋን ሳይረሳ ራሱ ይጽፋቸዋል።

20ኛ ምላሽ

የሞጣዋ ሠራተኛ የመጨረሻውን ጥያቄ አንሥታለች። አንድ የኢሜይል አድራሻ ሦስት ሰዎች በፈረቃ ይጠቀሙበታል፤ በግርጌው የሚወጣው ግን ከወራት በፊት ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ ባልደረባቸው ስም ነው፤ ባለጉዳዮችም እሱን እየጠየቁ ይደውላሉ። ለዚህ የመለስሁላት እኔ ነኝ። በአካውንት ሴቲንግስ ገጽ ላይ ማኔጅ አይደንቲቲስ የሚል ቁልፍ አለ። በዚያ በኩል በአንዱ አድራሻ ሥር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን ስምና የየራሱን ፊርማ መክፈት ይቻላል፤ መልእክት ሲጻፍም ፍሮም ከሚለው መስመር የጸሐፊው ስም ይመረጣል። ሠራተኛ ሲዛወር የሱ ብቻ ይሰረዛል። የንብረት ማስረከቢያ ቅጻችሁ ላይ የኢሜይል ፊርማ መሰረዝ የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት አልኋት፤ ቅጹን አስተካክላ ስትጨርስ እዚሁ እንደምትለጥፈው ነግራናለች።